ከወጌሻ እጅ እስከ መንግሥት ፈቃድ፦ ስቶክሆልም የእጅ ሕክምናን እንዴት ሙያ አደረገች?



በዚህ በስቶክሆልም ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው በጉልበታችንና በወገባችን መሆኑ የታወቀ ነው። አንዱ አውቶቡስ ይነዳል፣ አንዷ በአረጋውያን መጦሪያ ሕመምተኛ ታነሳለች፣ ሌላው ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳል። ታዲያ ወገብ ሲይዘን፣ አንገት አልዞር ሲለን፣ ትከሻ ሲከብደን ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «አገር ቤት ቢሆን ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እታሽ ነበር» የሚል ነው። ወጌሻ በሌለበት በዚህ ከተማ ደግሞ በየመንገዱ የተሰቀሉት ሰሌዳዎች ግራ ያጋቡናል። አንዱ ፊዚዮቴራፒስት ይላል፤ ሌላው ናፕራፓት፣ ሦስተኛው ኪሮፕራክቶር፣ አራተኛው ኦስቴዮፓት፣ አምስተኛው ማሳዥ። ሁሉም በእጃቸው ያሻሉ፣ ይጫናሉ፣ ይስባሉ። ሁሉም ገንዘብ ይቀበላሉ። በሕግ ፊት ግን ሁሉም አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት እንዲያው የቢሮ ሰዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ታሪክ አለው፤ የታሪኩም ዋና መድረክ ይህችው የምንኖርባት ከተማ ናት። ታሪኩን ማወቅ ሁለት ጥቅም ይሰጠናል። አንደኛ፣ ሰውነታችንን ለማን እጅ እንደምናስረክብ ለይተን እናውቃለን። ሁለተኛ፣ የራሳችን የወጌሻ ጥበብ ምን እንደጎደለው፣ ምንስ ቢደረግለት ከመጥፋት እንደሚድን እናስብበታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የሰይፍ አስተማሪው ሊንግ

ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1776 በስሞላንድ ከአንድ የቄስ ቤተሰብ ተወለደ። ሐኪም አልነበረም። ገጣሚና የሰይፍ ጨዋታ አስተማሪ ነበር። በወጣትነቱ ኮፐንሃገን ተቀምጦ ጂምናስቲክና ሰይፍ ሲለማመድ ያስቸግረው የነበረው የክንድ ሕመም እየተሻለው እንደሄደ ይነገራል። በ1805 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሰይፍ አስተማሪ ሆነ። እዚያም ሳለ ስለ ሰው አካል አሠራር መማር ጀመረ፤ እንቅስቃሴ ያዳነኝ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄም አልለቅ አለው።

ጊዜው ለስዊድን የሐዘን ጊዜ ነበር። አገሪቱ በ1809 ፊንላንድን በሩሲያ ተነጥቃለች። የሕዝቡን ጉልበትና ወኔ መልሶ የሚያነሳ ነገር ይፈለግ ነበር። ሊንግ ስቶክሆልም መጥቶ መንግሥት የጂምናስቲክ ተቋም እንዲያቆም ሲያመለክት፣ ጉዳዩን የያዙት ባለሥልጣን «ገመድ ላይ የሚዘል ለአገሩ ሞልቶታል» በሚል መንፈስ እንደመለሱት በታሪክ ይወራል። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1813 ፈቃድ አገኘና ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋም በዚሁ ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ በኦሎምፒክ ስታዲየሙ አጠገብ የሚገኘው የስፖርትና የጤና ሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የዚያው ተቋም ወራሽ ነው።

ሊንግ ጂምናስቲክን በአራት ከፈለው፤ ለትምህርት፣ ለጦር፣ ለውበትና ለሕክምና። ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን የመጨረሻው ነው። በሕክምናው ክፍል እንቅስቃሴዎች በሦስት መልክ ይሰጡ ነበር። አንደኛው ሕመምተኛው ራሱ የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው ባለሙያው በእጁ የሚያደርግለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየተቃወመ ሁለቱ በጋራ የሚያደርጉት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የሰውን አካል ማሸትና መሳብ ከሊንግ በፊትም በዓለም ሁሉ የነበረ ነገር ነው። የሊንግ ትልቁ ሥራ ለእጅ ሥራ ስምና ሥርዓት መስጠቱ ነው። ሕመምተኛው እንዴት ይቀመጥ ወይም ይተኛ፣ እጅ የት ይረፍ፣ ወደ የት ይንቀሳቀስ፣ ስንት ጊዜ ይደገም፤ ይህ ሁሉ በስም ተጠራ። በስም የተጠራ ነገር ደግሞ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለባዕድም ይተላለፋል። ሊንግ ራሱ መጽሐፉን ሳይጨርስ በ1839 ሞተ፤ ሥራውን ሁለት ተማሪዎቹ አሰናድተው በ1840 አሳተሙት። ጥበቡ ከጌታው ጋር መቃብር ሳይወርድ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሐኪሞች ጋር የነበረው ክርክር

ሊንግ ሕመም የሚመጣበትን ምክንያት የገለጸበት ፍልስፍና በዘመኑ የተለመደ፣ ዛሬ ግን ማንም የማይቀበለው ነው። ብዙ ሐኪሞችም በዚያው ዘመን ይተቹት ነበር። ሆኖም በ1831 የሐኪሞቹ ማኅበር አባል አደረጉት። ከእርሱ በኋላ ተቋሙን እስከ 1862 የመራው ላርስ ጋብርኤል ብራንቲንግ ነበር። ይህ ስም ሳይታወሳችሁ አይቀርም፤ በ1920 የስዊድን የመጀመሪያው ሶሻል ዴሞክራት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ በ1921 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተካፈለው የያልማር ብራንቲንግ አባት ነው።

ክርክሩ በቀላል አነጋገር እንዲህ ነበር። ሐኪሞቹ «በሽታን የሚመረምርና የሚያዝ ሐኪም ነው፤ ጂምናስቲከኛው የታዘዘውን ይሥራ» ይሉ ነበር። የሊንግ ሰዎች ደግሞ «እጃችን የሚያውቀውን እናንተ አታውቁትም» ይሉ ነበር። ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። በ1864 የወጣው ደንብ ተቋሙን ለትምህርት፣ ለጦርና ለሕክምና በሚል በሦስት ክፍል አደራጀው፤ ሴቶችም በይፋ እንዲማሩበት በሩን ከፈተ። የሕክምናውን ክፍል የያዘው ትሩልስ ሃርተሊየስ ሐኪምም የጂምናስቲክ መምህርም ነበር። በ1870 ለተማሪዎች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያም በ1887 ትልቁ እርምጃ መጣ። የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተምረው የተመረቁትን የሕክምና ጂምናስቲክ ባለሙያዎች በመዝገብ እያሰፈረ እውቅና መስጠት ጀመረ። በስዊድንኛ «ሹክዩምናስት» የሚባለው ሙያ በሕግ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከ1813 እስከ 1887 ስንቆጥር 74 ዓመት ነው። የእጅ ጥበብ ሙያ ለመባል ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶበታል ማለት ነው።

ጥበቡ ዓለምን ሲዞር

በዚሁ መካከል የስቶክሆልም ተማሪዎች ወደ ብዙ አገር ተበተኑ። ሐኪሙ ጉስታፍ ሳንደር በ1865 እዚሁ ከተማ ውስጥ የባለሙያውን እጅ የሚተኩ ማሽኖች ያሉበት ተቋም ከፈተ፤ በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽንም አሳያቸው። ዛሬ በየስፖርት ቤቱ የምናያቸው መሣሪያዎች ቅድመ አያቶች እነዚህ ናቸው። ሄንሪክ ሼልግሬን የተባለው ሌላ ስዊድናዊ ለንደን ላይ በእጅ ሕክምና ስም አተረፈ። የልጅ ልጁ ጄምስ ሲሪያክስ ሐኪም ሆኖ በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በእጅ የሚመረመርበትን ሥርዓት አዘጋጀ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚማሩት ነው።

ለንደን ውስጥ በ1894 ሌላም ነገር ሆነ። በማሳዥ ስም ነውረኛ ሥራ የሚሠሩ ቤቶች በዝተው የሕክምና ጋዜጣ ሲያጋልጣቸው፣ አራት ሴቶች የሙያቸውን ክብር ለማዳን ማኅበር አቋቋሙ፤ ፈተናና የሥነ ምግባር ደንብም አወጡ። የዛሬው የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር መነሻው ይህ ነው። ሙያ ራሱን የሚጠብቀው የማይገባውን ከውስጡ በመለየት መሆኑን ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ፣ ዓለም «የስዊድን ማሳዥ» የሚለውን ስዊድኖች ራሳቸው «ክላሲክ ማሳዥ» ይሉታል። የማሻሸቱን ዘርፎች ዛሬ በሚታወቁበት መልክ በማደራጀት ስሙ ይበልጥ የሚነሳው የአምስተርዳሙ ሐኪም ዮሐን ሜዝገር ነው።

መውደቅና መነሣት

ሕግ ካወቀው በኋላ ሙያው ያለ ችግር አደገ ማለት አይደለም። በ1930ዎቹ የሕክምና ጂምናስቲክ ትምህርት ከቀድሞው ተቋም ተለየና አጠረ። ባለሙያዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ሆኑ፤ ሥራቸውም ሐኪም ያዘዘውን መፈጸም ብቻ ሆነ። ቀድሞ የነበረው ራስን ችሎ የመመርመር ሥልጣን ከእጃቸው ወጣ።

እንዴት መለሱት? በአቤቱታ ብቻ አይደለም። በ1943 የሙያ ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያም ሥራቸውን መመርመር፣ ውጤቱን መቁጠርና መጻፍ ያዙ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እዚሁ አጠገባችን ያለው የዳንደሪድ ሆስፒታል ነው። በ1969 ማሪያን ሳክሪሶን ፎርሸል የተባለች ፊዚዮቴራፒስት «የጀርባ ትምህርት ቤት» የሚባለውን ጀመረች። ሕመምተኞችን በቡድን ሰብስባ በ4 ትምህርት ጀርባ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚነሣ፣ ሕመም ሲመጣ ምን መደረግ እንዳለበት ታስተምር ነበር። ዘዴው በጎተንበርግ በቮልቮ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ1977 ታተመ፤ የተማሩት ካልተማሩት ቀድመው ወደ ሥራ ተመለሱ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን ስላሳዩ ትምህርቱ ተሻሻለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን እንደ ውድቀት አትየው። ስህተቱን ሊያሳየው የሚችል መለኪያ ያለው ሙያ ነው እየተሻሻለ የሚሄደው።

በዚያው በ1977 ትምህርቱ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገባ። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ጭምር እስከ ዶክተርነት ይማራሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ሕመምተኛ ይቀበላሉ። የሙያው መጠሪያም በ2014 ከሹክዩምናስት ወደ ፊዚዮቴራፒስት ተለወጠ።

ኦስቴዮፓቱስ?

አሁን ወደ ሰሌዳዎቹ እንመለስ። ኦስቴዮፓቲ የተወለደው አሜሪካ ነው። አንድሪው ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ከቀበረ በኋላ በዘመኑ መድኃኒቶች ላይ እምነቱን አጣ። በ1874 አዲሱን ሐሳቡን ይፋ አደረገ፤ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። የበሽታ ሁሉ ምንጭ የአጥንትና የመገጣጠሚያ መዛባት ነው የሚለው ትምህርቱ እንደ ሊንግ ፍልስፍና ሁሉ የጊዜን ፈተና አላለፈም። ተከታዮቹ ግን በሁለት መንገድ ሄዱ። በአሜሪካ ሙሉ ሕክምና ተምረው እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒት የሚያዙና ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሆኑ። በአውሮፓ ደግሞ በእጅ ሕክምናው ላይ ቆዩ።

እንግሊዝ በ1993 ኦስቴዮፓቶችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። እዚያ ያለ ተመዝጋቢ በየ3 ዓመቱ ቢያንስ 90 ሰዓት መማር አለበት፤ ግማሹም ለብቻ ሳይሆን ከሌሎች ጋር የሚደረግ ትምህርት ነው፤ በመጨረሻም ሥራውን ከሙያ ባልደረባው ጋር ቁጭ ብሎ ይመረምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመዘኛ መሠረት የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው ኦስቴዮፓት ለመሆን 4,200 ሰዓት ያህል መማር አለበት፤ ከዚህም ቢያንስ 1,000 ሰዓት በመምህር ፊት ሕመምተኛ እያየ የሚሠራው ነው።

ጎረቤቶቻችን ፊንላንድ በ1994፣ አይስላንድ በ2005፣ ዴንማርክ በ2018፣ ኖርዌይ በ2022 ለኦስቴዮፓቶች ሕጋዊ ቦታ ሰጥተዋል። ስዊድን ግን ኪሮፕራክቶሮችን በ1989፣ ናፕራፓቶችን በ1994 «ሌጊቲማሾን» የሚባለውን የመንግሥት ፈቃድ ስትሰጣቸው ኦስቴዮፓቶችን አላካተተችም። ስለዚህ እዚህ አገር ለብዙ ዓመት የተማረ ኦስቴዮፓትም፣ ጥቂት ቅዳሜና እሑድ የሠለጠነ ሰውም በአንድ ስም ሰሌዳ መስቀል ይችላሉ። ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በደንብ በተማረው ላይ ነው። ቀጥሎ በሕመምተኛው ላይ ነው።

ፈቃዱ በራሱ አያድንም፤ ነገር ግን ተጠያቂነትን ያመጣል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ «በሳይንስና በተፈተነ ልምድ» መሠረት እንዲሠራ የስዊድን ሕግ ያስገድደዋል። ያደረገውን በማኅደር መጻፍ አለበት፤ ማኅደሩም ቢያንስ 10 ዓመት ይቀመጣል። ካጠፋ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ከጤና ባለሙያነት ውጭ ያለ ሰው ግን ዕድሜው 8 ዓመት ያልሞላውን ልጅ እንዳይመረምርና እንዳያክም፣ ካንሰርን፣ የስኳር በሽታንና የሚጥል በሽታን እንዳያክም ሕግ ይከለክለዋል። ሕፃን ልጃችሁን «አሽቶ ያድናል» ወደተባለ ሰው ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ናፕራፓቶቹስ ምን አደረጉ? ፈቃዱን ካገኙ በኋላ አልተኙም። የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች የጀርባና የአንገት ሕመም ያለባቸውን 409 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን የናፕራፓት ሕክምና፣ ለሌላው የሐኪም ምክር ሰጡ፤ ውጤቱ በ2007 ታተመ። ከሦስት ወር በኋላ ናፕራፓት ያያቸው ይበልጥ ተሽሏቸው ተገኘ። «እጄ ያድናል» ማለትና «ቁጠሩኝ፣ ለኩኝ» ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

የኛ ወጌሻ

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ወጌሻ ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን በቀርከሃ አስሮ ይጠግናል። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ሕዝቡን ለብዙ ዘመን ያገለገለ ባለውለታ ነው። ዕውቀቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ይተላለፋል እንጂ አይጻፍም። መድኃኒት ምስጢሩ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል የሚለው እምነታችንም ታክሎበት፣ አንዱ ወጌሻ ከሌላው አይማርም።

የዚህ ዋጋ ከባድ ነው። ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ወደ እግር ወይም ወደ እጅ መድረስ ያቅተዋል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ጋንግሪን ይሆንና አካሉ ይቆረጣል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የተመዘገበ ችግር ነው፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። አንድ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወጌሾችን ከመክሰስ ይልቅ ሰብስቦ ማስተማርን መረጠ። ትምህርቱ አጭር ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው የጋንግሪን ጉዳት በጣም ቀነሰ፤ ይህም በ2005 በእንግሊዝ በሚታተም የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ወጌሻው ክፉ ሰው እንዳልነበረ፣ የጎደለው የሚነግረው ሰው እንደነበረ ይህ ያሳያል።

በጎንደርም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። የወጌሻው ልጅ ዛሬ ሊማርበት የሚችል በር አለ ማለት ነው። የሚያሳዝነው የአባቱ ዕውቀት ሳይጻፍ፣ ጠቃሚው ከጎጂው ሳይለይ፣ እንዲሁ እንዳለ ቢቀበር ነው።

ምን እናድርግ?

ወገኖቼ፣ ከስቶክሆልም ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የሊንግ እጅ ከወጌሻ እጅ አይበልጥም ነበር። ልዩነቱ የሊንግ እጅ ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ ተተችቶ፣ ሲሳሳትም ታርሞ መቀጠሉ ነው። ፍልስፍናው ሞተ፤ እጁ ተረፈ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነበር የነገሩን። ዛሬ ደግሞ ከጠመጠሙም በኋላ መማር ይቀጥል ብንል ያምርበታል።

በመሆኑም እጃቸውን ለሚዘረጉላችሁ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። የት ተማርክ? ፈቃድ አለህ? የምታደርገውን ትጽፋለህ? ፈቃዱን ሶሻልስቲረልሰን የተባለው የጤና መሥሪያ ቤት ዘንድ ደውሎ ማረጋገጥ ይቻላል። እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ማንም እንዲያሻችሁ አትፍቀዱ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በመካከላችን የወጌሻ ልጅ የሆናችሁም አትጠፉም። አባታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደውላችሁ ጠይቁ። እንዴት ይዳስሳሉ? መቼ እንቢ ብለው ወደ ሐኪም ይልካሉ? ማሰሪያው መጥበቁን በምን ያውቃሉ? የሚሉትን ጻፉት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ መድኃኒቱን የደበቀም ወራሽ አይኖረውም።

ሰላምና ጤና ይስጥልን።